ሥዕሉን ያስኬዱ እጆች

ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ ወደ ደቡብ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ጥያ ትገኛለች። በሶዶ ጉራጌ ምድር፣ ከከተማዋ ዳር፣ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። ሰይፍ የሚመስል ቅርጽ፣ ክብ፣ ቅጠል ያወጣ ግንድ የሚመስል ምልክት በላያቸው ይታያል። በአንዱ ድንጋይ ላይ ያለው ምልክት በሌላውም ይመለሳል፤ ቁጥሩና አደራደሩ ግን ከድንጋይ ድንጋይ ይለያያል። ቁፋሮ እንዳረጋገጠው ድንጋዮቹ የቆሙት በመካከለኛው ዘመን መቃብሮች ላይ ነው። በሶዶ አካባቢ ከተገኙት 160 ያህል የአርኪዮሎጂ ሥፍራዎች ጥያ ከዋነኞቹ አንዷ ስትሆን፣ ዩኔስኮ እ.አ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል።

ስለ አኒሜሽን የሚተርክ ጽሑፍ ከጥያ የሚነሣው በምክንያት ነው። የእነዚህ ድንጋዮች ጠራቢዎች ዛሬ የፊልም ሰዎች ፕሮዳክሽን ዲዛይን የሚሉትን ሥራ መሠረት ያውቁ ነበር። የትኛው ምልክት ይግባ፣ ከድንጋዩ ላይ የት ይቀመጥ፣ ስንት ጊዜ ይደገም የሚለውን ወስነዋል፤ የምልክቶቹንም መልክ ሳያዛንፉ ጠብቀዋል። ስለዚህ አንድ የሶዶ ትክል ድንጋይ ያየ ሰው ሁለተኛውን ሲያይ ወዲያው ይለየዋል። አንድን ዓለም ከዳር እስከ ዳር በአንድ እጅ የተሠራ እስኪመስል ድረስ አዋሕዶ መንደፍ ማለት ይህ ነው። የጠራቢዎቹ ስም ግን ወደ እኛ አልደረሰም። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጡት ባለሙያዎችም አብዛኞቹ የዚሁ ዕጣ ተካፋዮች ናቸው፤ ሥራቸው አደባባይ ላይ ቆሞ ስማቸው ከኋላው ተሸፍኗል።

በአንድ ሸራ 44 ሥዕል

ከድንጋዩ ሌላ ብራናውና የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳም ነበሩ። ሠዓሊው የቅዱሱን ገድል በግድግዳው ላይ በተርታ ሲስል፣ ምእመኑ ታሪኩን ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው እየተሻገረ ያነብ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐሥርት ዓመታት እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሠዓሊዎች በአዲስ አበባ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ለሚሸጥ ሥዕል ብሩሻቸውን ሲያነሡም ይህ ልማድ አብሯቸው ወጣ።

ከእነዚህ የገበያ ሥዕሎች በጣም የታወቀው የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ ነው። ሸራው በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፈላል፤ ቁጥራቸውም ብዙውን ጊዜ 44 ነው። ታሪኩ ሕዝቡ ሲገብርለት ከነበረው ዘንዶ ይነሣል፤ ንግሥቲቱ ወደ ኢየሩሳሌም ትሄዳለች፣ ቀዳማዊ ምኒልክ ይወለዳል፣ አድጎም ታቦተ ጽዮንን ይዞ ሲመጣ ታሪኩ ያበቃል። ከየሥዕሉ ጋር አጭር የአማርኛ ጽሑፍ አለ። የሠዓሊው ትልቁ ጭንቀት ተመልካቹ ንግሥቲቱን በየክፍሉ እንዲለያት ማድረግ ነው። ስለዚህ ዘውዷ፣ ልብሷ፣ የፊቷ ቅርጽ ከክፍል ክፍል አይለወጡም፤ የሚለወጡት የቆመችበት ቦታና የእጇ እንቅስቃሴ ናቸው።

ዛሬ በአኒሜሽን ስቱዲዮ የሚሠራ ሰው ይህን ሸራ ቢያይ ምን እንደሆነ አይጠፋውም፤ በየዕለቱ የሚሠራበት ስቶሪቦርድ ነው። ገፀ ባሕርይዋ አንድ ናት፣ ትዕይንቶቹ ተከታታይ ናቸው፣ ቃሉ ከሥዕሉ ጋር ተጣምሯል። የጎደለው እንቅስቃሴ ብቻ ነው።

የሰይጣን ቤት ዘመን

እንቅስቃሴው የመጣው ከባሕር ማዶ ነው። የሉሚዬር ወንድማማቾች እ.አ.አ. በ1895 በፓሪስ ፊልም ለሕዝብ ካሳዩ በኋላ ብዙ ዓመታት ሳይቆዩ የፊልም ማሳያ መሣሪያ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ደረሰ። የአዲስ አበባ ሕዝብ በጨለማ ቤት ግድግዳ ላይ ሰው ሲሄድ ባየ ጊዜ ነገሩን ከሰይጣን ሥራ ቆጠረውና ሲኒማ ቤቱን «ሰይጣን ቤት» አለው።

በዚያው ዘመን በአውሮፓ የካሜራውን ሥራ በእጅ ለመሥራት የሞከሩ ሰዎች ተነሡ። ፈረንሳዊው ኤሚል ኮል እ.አ.አ. በ1908 «ፋንታስማጎሪ» የተሰኘውን አጭር ፊልም 700 ያህል ሥዕሎችን አንድ በአንድ ስሎ ሠራ። ጀርመናዊቷ ሎተ ራይኒገር ደግሞ ጥቁር ወረቀት በመቀስ እየቆረጠች፣ ቁርጥራጩን በብርሃን ላይ ጥቂት በጥቂት እያንቀሳቀሰች፣ የልዑል አህመድን ጀብዱ የሚተርከውን ረጅም ፊልም እ.አ.አ. በ1926 ለሕዝብ አቀረበች።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ክብደቱ የሚታወቀው ግን ሥራው ላይ ለተቀመጠ ሰው ነው። ፊልም በአንድ ሰከንድ 24 ፍሬም ያሳልፋል። አኒሜተሩ እያንዳንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ቢያቆየው እንኳ ለአንድ ሰከንድ 12፣ ለአንድ ደቂቃ 720፣ ለዐሥር ደቂቃ ደግሞ 7,200 ሥዕል ያስፈልገዋል። ልጅ ብርጭቆ አንሥቶ ውሃ ጠጥቶ እስኪያስቀምጥ ድረስ የሠዓሊው የሥራ ቀን ያልቃል።

አፍሪካ ይህን ሥራ በራሷ እጅ ስትይዝ ከቀደሙት አንዱ የኒጀሩ ሙስጣፋ አላሳን ነው። ካናዳ ሄዶ ከታዋቂው አኒሜተር ከኖርማን ማክላረን ሙያውን ተማረ፤ እ.አ.አ. በ1965 «የጋንጂ ሞት» የተባለውን፣ በ1966 ደግሞ ስለ እንቁራሪት ፕሬዚዳንት የሚተርከውን ሥዕላዊ ፊልም ሠራ። የአላሳን ትምህርት ለእኛም ይሆናል። ቴክኒኩን ከውጭ አመጣ፤ ቀልዱን፣ እንስሳቱንና ተረቱን ግን ከሀገሩ ወሰደ።

ቴሌቪዥንና አባባ ተስፋዬ

በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የአማርኛ የልቦለድ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» ታየ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ደግሞ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው ተመልሰው ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ አቋቁመው ነበር። ሠዓሊውም፣ ካሜራውም፣ ስክሪኑም በአንድ ከተማ ተገናኙ። ሆኖም አንዱ ከሌላው ጋር ተቀናጅቶ ለልጆች የሚንቀሳቀስ ሥዕል እስኪሠራ ድረስ አርባ ዓመት አለፈ።

ያንን አርባ ዓመት በልጆች ፊት የሞሉት አንድ ሰው ናቸው። ተስፋዬ ሣህሉ፣ ልጅ አዋቂው ሁሉ «አባባ ተስፋዬ» የሚላቸው፣ እ.አ.አ. በ1923 በባሌ ተወልደው የመድረክ ሰው ሆነው ያደጉ ነበሩ። ሴት ተዋናይ በማይገኝበት ዘመን የሴት ገፀ ባሕርያትን ተጫውተዋል፤ ሙዚቃም፣ ምትሐትም ያውቁ ነበር። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለ42 ዓመታት ለልጆች ተረት ተረቱ። ጦጣ፣ ቀበሮ፣ አንበሳ፣ አያ ጅቦ በእርሳቸው ድምፅ፣ በዓይናቸውና በእጃቸው እንቅስቃሴ ሕይወት ዘሩ።

አኒሜሽን የሚማር ሰው ይህን ልብ ቢል ይጠቀማል። እንስሳን ሰው የሚያደርገው የአቋሙ ክብደት፣ የአረማመዱ ፍጥነትና ከመናገሩ በፊት የሚወስደው ትንፋሽ ነው። አባባ ተስፋዬ ያለ አንድ ሥዕል ይህን ሁሉ በፊታቸው ላይ ያሳዩ ነበር። በዚያ ዘመን የተወለደ ሕፃን ሁሉ የቀበሮዋን መልክ በሐሳቡ ራሱ ሳለ። እርሳቸው እ.አ.አ. በ2017 ያረፉ ሲሆን፣ ከስክሪኑ በተለዩበት ጊዜ አካባቢ ግን አዲስ ገፀ ባሕርይ ወደ ልጆች እየመጣች ነበር።

ሳሎን ውስጥ የተወለደችው ቀጭኔ

ብሩክታዊት ጥጋቡ የሕፃናት መምህርት ነበረች። በክፍሏ ውስጥ አንድ ነገር አስተዋለች፤ ልጆች በዘፈንና በጨዋታ የቀረበላቸውን ትምህርት ይዘው ይቀራሉ፣ በሀገራቸው ቋንቋ የተዘጋጀ እንዲህ ያለ ነገር ግን አይገኝም። አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ልጆች አንደኛ ክፍል የሚገቡት መዋዕለ ሕፃናት ሳያዩ ነበር። አንድ መምህርት በአንድ ክፍል ልትደርስባቸው የምትችለው ልጆች ጥቂቶች ናቸው፤ ቴሌቪዥን ግን ብዙ ቤት ይገባል።

ከባለቤቷ ከሼን ኢትዘንሃውዘር ጋር እ.አ.አ. በ2005 ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን አቋቋሙ። እርሱ ሙዚቃም ኮምፒዩተርም ያውቃል፤ እርሷ ደግሞ ልጆችን ታውቃለች። ስቱዲዮ አልነበራቸውም፤ የቤታቸው ሳሎን ስቱዲዮ ሆነ። ገንዘቡም መጀመሪያ ላይ ከራሳቸው ቁጠባ የወጣ ነበር። ገፀ ባሕርያቱ በእጅ የሚጠለቁ አሻንጉሊቶች ሆኑ፤ ዋናዋም የስድስት ዓመት ቀጭኔ፣ ስሟ ፀሐይ፣ ጥያቄ የማታቆም። ድምፅዋን የሰጠቻት ብሩክታዊት ራሷ ናት። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» እ.አ.አ. በመስከረም 2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ።

የዚህን ሥራ ልፋት ለመረዳት አሻንጉሊት አንቀሳቃሹ ከካሜራው ሥር ምን እንደሚያደርግ ማሰብ ይጠቅማል። እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ራሱን ከፍሬሙ ውጭ ደብቆ፣ ዓይኑን ከሞኒተሩ ሳይነቅል ይሠራል። የአሻንጉሊቷ አፍ ከቃሉ ጋር መከፈት አለበት፤ ዓይኗ የምታነጋግረውን ሰው መመልከት አለበት፤ ዝም ስትልም ሕይወት እንዳላት እንድታስታውቅ በትንሹ መንቀሳቀስ አለባት። ክንድ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ይዝላል፤ ትዕይንቱ ከተበላሸም ከመጀመሪያው ይደገማል።

የትዕይንቱ ንድፍም እንደዚያው ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ የሚቀርብ ሥዕል ዓይን የሚበትን ነገር ሊበዛበት አይገባም። ስለ እጅ መታጠብ በሚተርክ ክፍል ጆጉን፣ ሳሙናውንና እጁን ልጁ ወዲያው ማየት አለበት። ዕቃው ደግሞ በቤቱ ያለው ዕቃ ይሁን፤ የቧንቧ ውሃ በሌለበት መንደር የሚኖር ልጅ ቧንቧ ብቻ እያየ ካደገ ትምህርቱ የእርሱ መስሎ አይታየውም። ንጽሕና፣ የዓይን በሽታ፣ ፊደል፣ ቁጥር፣ ለእንስሳት ርኅራኄ፣ የሞተን ዘመድ ማሰብ፣ እነዚህን ሁሉ በዚህ ዓይነት ዕቃና መልክ ማቅረብ የዲዛይነሩ ሥራ ነው።

ውጤቱ ከሀገር አልፎ ታየ። ፕሮግራሙ እ.አ.አ. በ2008 በሙኒክ በሚካሄደው የፕሪ ዦኔስ የልጆች ቴሌቪዥን ውድድር ተሸለመ፤ በዚያው ዓመት በጃፓን ፕራይዝም ዕውቅና አገኘ። ብሩክታዊት እ.አ.አ. በ2010 ሮሌክስ ለወጣቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰጠው ሽልማት ተቀባዮች አንዷ ሆነች። ከሳሎን የወጣች ቀጭኔ በመጽሐፍና በዲቪዲ ቴሌቪዥን ወደማይገባባቸው ትምህርት ቤቶችም ተጓዘች፤ ከአማርኛ ሌላ በሌሎች የሀገሪቱ ቋንቋዎችም ተናገረች።

አንድ ሸራ፣ ብዙ ፍሬም

በእነዚያው ዓመታት ሌላ ኢትዮጵያዊ በኒው ዮርክ በተለየ መንገድ ሥዕልን ያስኬድ ነበር። ዕዝራ ውቤ እ.አ.አ. በ1980 በአዲስ አበባ ተወለደ፤ በ18 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ሄደ። በቦስተን ከማሳቹሴትስ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ በሥዕል እ.አ.አ. በ2004፣ በኒው ዮርክ ከሀንተር ኮሌጅ በሁለተኛ ዲግሪ በ2009 ተመረቀ። በትምህርቱ ሠዓሊ ነው፤ ወደ አኒሜሽን የገባውም ብሩሹን እንደያዘ ነው።

ዘዴው ይህ ነው። አንድ ሸራ በካሜራ ፊት ያቆማል። ይስላል፣ ፎቶ ያነሣል። ከዚያም በዚያው ሸራ ላይ የሚንቀሳቀሰውን ክፍል በአዲስ ቀለም ሸፍኖ ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ እንደገና ይስላል፤ እንደገናም ያነሣል። ሥራው ሲያልቅ ሸራው ላይ የሚቀረው የመጨረሻው ፍሬም ብቻ ነው። የቀሩት ሁሉ ከቀለሙ ሥር ተቀብረዋል፤ የሚኖሩት በፎቶዎቹ ውስጥ ነው። ባለ 44 ክፍሉ የሳባ ሸራ ታሪኩን ጎን ለጎን ዘርግቶ ያስቀምጥ ነበር፤ ዕዝራ ግን በአንድ ቦታ ደራርቦ አኖረው።

እ.አ.አ. በ2011 የሠራው «ሒሳብ» የተሰኘው አጭር ፊልም የአዲስ አበባን ሚኒባስ ታክሲ ይዞ ይነሣል። ርእሱ ራሱ ከወያላው አፍ የማይለይ ጥሪ ነው። ታሪኩ ሁላችንም የምናውቀው የከተማ ተረት ነው። አህያ፣ ውሻና ፍየል በአንድ ታክሲ ተሳፈሩ። አህያ ሒሳቧን በትክክል ከፈለች፤ ውሻ ከፍሎ መልሱን ሳይቀበል ታክሲው አመለጠው፤ ፍየል ሳትከፍል ወርዳ ሮጠች። ለዚህ ነው አህያ መኪና ሲመጣ ከመንገድ የማትነቃነቀው፤ ውሻ መልሱን ሊጠይቅ መኪናውን እየጮኸ የሚያባርረው፤ ፍየል ደግሞ የመኪና ድምፅ ስትሰማ የምትሸሸው።

ይህን ተረት ለአኒሜሽን ተስማሚ የሚያደርገው ጭብጡ በእንስሳቱ እንቅስቃሴ ውስጥ መሆኑ ነው። አህያዋ ዝም ብላ መቆም፣ ውሻው መሮጥ፣ ፍየሏ መበርገግ አለባቸው፤ ሦስቱን በትክክል ያስኬደ ሰው ታሪኩን ያለ አንድ ቃል ተርኮታል። ዕዝራ ደግሞ የከተማዋን ትርምስ፣ ሰማያዊና ነጩን ታክሲ፣ የመንገዱን ጥድፊያ በቀለም መደራረብ ውስጥ አስገባው። ቀለሙ ከሥሩ ያለውን ሙሉ በሙሉ ስለማይደብቅ የትናንትናው ፍሬም ጥላ በዛሬው ላይ ይታያል፤ ከተማውም በእርግጥ እንዲያ ነው።

የዕዝራ ሥራ በኒው ዮርክ ታይምስ ስኩዌር በየምሽቱ ከእኩለ ሌሊት በፊት በግዙፍ የማስታወቂያ ስክሪኖች በሚቀርበው የጥበብ ፕሮግራምም ላይ ታይቷል። እርሱ ግን ስክሪኑን ወደ ሀገሩም ሊያመጣ ፈለገ። እ.አ.አ. በ2015 የአዲስ ቪዲዮ ጥበብ ፌስቲቫልን መሠረተ፤ የኢትዮጵያና የሌላው ዓለም ሠዓሊዎች የቪዲዮ ሥራዎች አዲስ አበባ ላይ ከጋለሪ ወጥተው ሰው በሚተላለፍበት ቦታ እንዲታዩ አደረገ። አንድ ጊዜ ሕዝቡ ሰይጣን ቤት ብሎ በፈራባት ከተማ የሚንቀሳቀስ ሥዕል አደባባይ ወጣ።

ከአሻንጉሊት ወደ ጀግኖች

በአዲስ አበባ የብሩክታዊት ቡድን ከአሻንጉሊት ወደ ሙሉ አኒሜሽን ተሸጋገረ። «ጥበብ ገርልስ» የተሰኘው ተከታታይ ካርቱን ሦስት ወጣት ሴቶችን፣ ፍቅርን፣ ጥበብንና ፍትሕን፣ ልዩ ኃይል ያላቸው ጀግኖች አድርጎ አቀረበ። የሚታገሉትም በየሰፈሩ የሚያውቁትን ችግር ነው፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻን፣ በወር አበባ ምክንያት የሚመጣ እፍረትንና ከትምህርት መቅረትን፣ በሴቶች ላይ የሚደርስ ጉዳትን።

ጀግናን መንደፍ ቀላል ይመስላል፤ ካባ አልብሶ ማብረር ነው ይባላል። ለኢትዮጵያዊት ሴት ልጅ ጀግና ለመንደፍ ግን ብዙ መወሰን ያስፈልጋል። ጸጉሯ እንዴት ይሠራ? ሹሩባ ከሆነ የየትኛው አካባቢ? ጥበቡ ቀሚሷ ላይ የት ይውረድ? ስትሮጥ ነጠላው ምን ይሆናል? ልብሱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ጌጥ በየፍሬሙ ተደግሞ መሳል ስላለበት ዲዛይነሩ ውበትንና ጉልበትን ማመዛዘን ይገደዳል። አንድ የጥበብ መስመር ሲጨምር በሺህ በሚቆጠር ሥዕል ላይ ጨመረ ማለት ነው።

በእነዚህ ዓመታት ጎን ለጎን ሌሎችም ተነሡ። ብሥራት ደበበ በኢታን ኮሚክስ እ.አ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተሰኘውን ሥዕላዊ የጀብዱ መጽሐፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚስሉ እጆች ለአኒሜሽኑም የሚተርፉ ናቸው። በአንጻሩ ገበያው ከበደ። ቃና ቴሌቪዥን እ.አ.አ. በ2016 የውጭ ድራማዎችን ወደ አማርኛ እየመለሰ ማሰራጨት ሲጀምር፣ የውጭን ሥራ ገዝቶ ድምፅ መቀየር አዲስ ከመሥራት ምን ያህል እንደሚቀልል ሁሉም አየ። በእጅ የሚሳል 7,200 ሥዕል ከዚህ ጋር በዋጋ መወዳደር አይችልም። የሀገር አኒሜሽን እስካሁን በአብዛኛው በእርዳታ ድርጅቶች ድጋፍና በሠሪዎቹ ጽናት የቆየው ለዚህ ነው።

ጉራጌን በስክሪን ላይ ማቆም

አሁን አንድ ወጣት ዲዛይነር የጉራጌን ምድር ለአኒሜሽን ሊያዘጋጅ ተቀመጠ እንበል። የመጀመሪያ ሥራው መሳል አይደለም፤ መጠየቅ ነው። የትኛው ጉራጌ? የሶዶ ክስታኔ ቋንቋ ከሰባት ቤት ጉራጌ ቋንቋዎች ይለያል፤ ቤቱ፣ አካባቢው፣ ልማዱም የራሱ ዝርዝር አለው። ሁሉንም አደባልቆ «ጉራጌ» ብሎ የሳለ ሰው የማንንም ቤት አልሳለም።

ቀጥሎ ቦታው ይመጣል። ምርጫው ሰባት ቤት ነው እንበል። በሰባት ቤት መንደሮች ጀፎረው፣ ሰፊው ሣር የለበሰው የጋራ መንገድ፣ ቤቶቹን በግራና በቀኝ ይዞ ይዘረጋል፤ ለልቅሶም፣ ለበዓልም፣ ለልጆች ጨዋታም ያገለግላል። ለአኒሜተር ይህ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ሰዎችን የሚያስኬድበት የተዘጋጀ መድረክ ነው። ከቤቱ ጀርባ የእንሰቱ ጓሮ አለ። የእንሰት ቅጠል ሰፊና ከባድ ስለሆነ እንደ ሣር አይርገበገብም፤ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል፣ ነፋስ ሲበረታ ደግሞ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ሳያጠና የሚስል ሰው ሙዝ ያስመስለዋል፤ የመንደሩ ልጅ ግን ስሕተቱን በአንድ እይታ ይለያል።

ከዚያ ርቀቱ ይሠራል። ከፊት እንሰቱ፣ ከመካከል ክቡ ቤት፣ ከሩቅ የዘቢዳር ተራራ። ካሜራው ወደ ጎን ሲሄድ የቅርቡ ቶሎ ያልፋል፣ የመካከሉ በዝግታ ይከተላል፣ ተራራው ከቦታው ያልተነቃነቀ ይመስላል። ሦስቱ በተለያየ ንብርብር ተሥለው በተለያየ ፍጥነት ሲንሸራተቱ ጠፍጣፋው ስክሪን ጥልቀት ያገኛል። ወቅቱ መስቀል ከሆነ ክረምቱ ገና የወጣ ነውና ሣሩ ለምለም፣ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ይሁን፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዘመድ ይድረስ፤ በቤቱ ውስጥ ምሰሶው መካከል ላይ ይቁም፣ ክትፎው በጣባ ይቅረብ፣ ቆጮው ከጎኑ ይሁን። ተመልካቹ ከእነዚህ አንዱንም ለብቻው ነቅሶ ላያስተውል ይችላል፤ ሁሉም በቦታቸው ሲሆኑ ግን ታሪኩን ያምነዋል።

ይህ ሁሉ ገና ታሪኩ ሳይጀመር የሚሠራ ሥራ ነው። ገፀ ባሕርይዋ አንዲት ቃል ከመናገሯ በፊት ዲዛይነሩ ወራት አሳልፏል። የምትናገረውን ሰው ሁሉ ያደንቃል፤ የቆመችበትን ምድር ማን እንደሠራው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ለማን እንናገር?

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። ኢትዮጵያ ለአኒሜሽን የሚሆን እጅም፣ ተረትም፣ የሥዕል ወግም አላት፤ በሳሎን ውስጥ የተጀመረ ሥራ ሙኒክና ቶኪዮ ደርሶ መሸለሙ፣ የአንድ ሠዓሊ ሥራ የኒው ዮርክን አደባባይ መድረሱ ለዚህ ምስክር ነው። የጎደለው እጁን የሚቀጥር ቋሚ ገበያና ስሙን የሚይዝ መዝገብ ነው።

ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች፦ ከምትገዙት የውጭ ካርቱን ሰዓት ላይ ጥቂቱን ለሀገር ልጅ ሥራ በክፍያ ስጡ፤ ክፍያውም ለሥዕል ብዛት የሚመጥን ይሁን። ለሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች፦ ሥዕልን ከድምፅ፣ ከእንቅስቃሴና ከትዕይንት ንድፍ ጋር አገናኝታችሁ አስተምሩ። ለባህልና ቅርስ ቢሮዎች፦ ለዲዛይነር የሚሆን የቤት፣ የልብስና የዕቃ ሥዕላዊ መዝገብ በየአካባቢው አዘጋጁ፤ የጉራጌው በጉራጌ ባለቤቶች ምስክርነት ይሠራ። ለሠሪዎቹም፦ የመጀመሪያ ንድፎቻችሁን፣ አሻንጉሊቶቻችሁን፣ ስቶሪቦርዶቻችሁን አትጣሉ፤ የሚቀጥለው ትውልድ የሚማረው ከእነርሱ ነው።

ወላጆችም ድርሻ አላችሁ። የልጆቻችሁ ፊልም ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን ቶሎ አትዝጉ። በስክሪኑ የሚያልፈውን ስም፣ የሠዓሊውን፣ የአኒሜተሩን፣ የትዕይንት ዲዛይነሩን፣ አብራችሁ አንብቡት። ለዚህ ሙያ ልንሰጠው የምንችለው የመጀመሪያው ክብር ይህ ነው።